የዳላስ ብርድና የወንድሜ የጋዝ ጉድጓዶች

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ አብረውኝ ፋብሪካ የሠሩ ጓደኞቼ በመጡ ቁጥር ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ይጠይቁኛል። እኔ ስለ ብርዱ ልነግራቸው ስጀምር ይስቁብኛል። ለደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ምን አዲስ ነገር ይወራለታል? ጡረታ እስክወጣ የሠራሁትም ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ቢሆንም ያየሁት ብርድ ሌላ ዓይነት ነበርና፣ እየተሳቀብኝ ከምጨርሰው እንደሆነው በየቀኑ ልጽፈው አልኩ።

የሄድኩት ወንድሜን ግርማን ለማየት ነው። ግርማ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። እናታችን ስትሞት ትምህርት ቤት እንኳ አልገባም ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዲቪ ደርሶት ከሄደ በኋላ ተመልሶ የመጣው አንዴ፣ ለአባታችን ተዝካር ነው። አሁን ሚስቱ ሰብለ ሴት ልጅ ወልዳ፣ "እታበባ፣ ነይና እያት" ብሎ ትኬት ላከልኝ።

ረቡዕ

የተነሳሁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ሜዳው በውርጭ ነጥቶ፣ በሬዎቹ በአፍንጫቸው እንፋሎት እየተፉ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሁላችንም ጋቢ ለብሰናል። ጫጫ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ አለችና ሰው አንድ በአንድ እየተገላለጠ መሳቅና ማውራት ጀመረ። በእኛ አገር ጥር እንዲህ ነው፤ ጠዋት ቢያንገበግብም እስከ ምሳ ይቅር ይላል።

ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ለሕፃኗ ራሴ የመረጥኩት የሱፍ ብርድ ልብስ ነበረ። ቦሌ ላይ ሻንጣውን የመዘነችው ልጅ "እናቴ፣ አሜሪካ ብርድ ልብስ ሞልቷል እኮ" አለችኝ። እኔም "የኛን ዓይነት የለም" አልኳት። አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሲያትል የምትኖር ነርስ ቀበቶውን አሰረችልኝ፤ የምግቡን ክዳን ከፈተችልኝ፤ ዋሽንግተን ስንደርስም ወደ ዳላስ የሚሄደው በር ድረስ ወሰደችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ተለያየን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐሙስ

ዳላስ ስደርስ ሻንጣዬ አልመጣም። የማላውቀው አገር ላይ በእጄ የያዝኩት ቦርሳ ብቻ ነው። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ ከላይ ካፖርት ለብሼ ስወጣ ግርማ እጅጌ ጉርድ ከነቴራ ለብሶ ቆሟል።

"እታበባ! ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? በግ መስለሻል እኮ!"

"ብርድ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

"ነው። ግን ዛሬ አይደለም። ቴክሳስ ጠዋት ሹራብ፣ ከሰዓት ከነቴራ ነው። ቆይ፣ እሁድን ታዪዋለሽ።"

አንገቱ ሥር ጥምጥም አልኩበት። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ ትከሻው ሰፍቷል። ሽታው ግን የግርማ ነው። ስለ ሻንጣው እሱ ሄዶ አስመዘገበና በትልቅ ፒካፕ መኪናው ጭኖ ሜስኪት ወደሚባለው ሰፈር ወሰደኝ። በመንገዱ ስፋት ላይ የእኛ ከተማ ዋና መንገድ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይሰለፋል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አላየሁም። "ሰዉ ምን ሆነ?" ብለው "መኪናው ውስጥ ነው" አለኝና ሳቀ።

ሰብለ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ጠበቀችን። ኤርፖርት ነው የምትሠራው፤ ያኔ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። ሕፃኗን፣ ሶልያናን፣ እጄ ላይ ስታስቀምጣት የእናቴን ግንባር ይዛ አፈጠጠችብኝ። ምስር ወጥና ጎመን ቀረበ፤ እየበላን ግርማን ስለ ሥራው ጠየቅሁት። በስልክ "ጉድጓድ" ሲለኝ ሁልጊዜ ውሃ የሚቀዳበት ይመስለኝ ነበር።

"የጋዝ ጉድጓድ ነው። ከዴንተን ወዲያ ገጠሩ ሁሉ ጉድጓድ ነው። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየነዳሁ ግፊቱን አያለሁ፤ ቱቦውን አያለሁ፤ የተበላሸ ካለ አስተካክላለሁ። ይሄን ቤት የሚያሞቀው ጋዝ ነው። መብራቱንም ቢሆን አብዛኛውን የሚያመነጨው እሱ ነው።"

"እና ብርድ ሲመጣ?"

ሰብለ ቀና ብላ አየችው። "ብርድ ሲመጣማ ግርማን አናገኘውም" አለች።

ዓርብ

ሻንጣዬ ሳይመጣ ዋለ። ሰብለ ገበያ ይዛኝ ሄደች። መደብሩ የእኛን ፋብሪካ ያህላል፤ ነገር ግን የዳቦው መደርደሪያ ባዶ ነው፤ የውሃውም ባዶ ነው። ሰዉ ጋሪውን ሞልቶ ይሮጣል። ውጭ ፀሐይዋ እንደ ሚያዝያ ታቃጥላለች፤ እኔ ላቤን እጠርጋለሁ፤ እነሱ ለብርድ ይሸምታሉ። አንዲት ሽማግሌ ፈረንጅ የመጨረሻውን የወተት ጋሎን ካነሳች በኋላ ሶልያናን አይታ መልሳ ለሰብለ ሰጠቻት።

"ምን አለችሽ?"

"'ላንቺ ይሻላል፣ እኔ ጥቁር ቡና እጠጣለሁ' ነው የምትለኝ እትዬ።"

ቅዳሜ

ለቁርስ ቋንጣ ፍርፍር ሠርቼ፣ ግርማም እንደ ልጅነቱ ጣቱን እየላሰ በልቶ፣ ፎርት ዎርዝ ወስዶ በከተማው መንገድ የሚነዱትን ከብቶች ሊያሳየኝ ልንነሳ ስንል ስልኩ ጠራ። ቆሞ ነው ያነጋገረው። ሲጨርስ ፊቱን አይቼ ገባኝ።

"ዛሬውኑ መሄድ አለብኝ እታበባ። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ቱቦው ውስጥ የማይረጋ ፈሳሽ መጨመር አለብን፤ ማሞቂያዎቹንም መለኮስ። ከመጣ በኋላ እዚያ ሰው ከሌለ ጉድጓዶቹ ይቆማሉ።"

"ሌላ ሰው የላቸውም?"

"አለ። ሁሉም ይሄዳል።"

ምንም አላልኩም። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት የጋዝ ቱቦ ሊወስደው ነው ወይ ብዬ ግን ከፋኝ። በሶ እንኳ እንዳልበጠብጥለት ሻንጣው አልደረሰም። የተረፈውን ፍርፍር በዕቃ አድርጌ ሰጠሁት። ሕፃኗን ሳመ፤ እኔን ሳመኝና "ማክሰኞ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ዞረ። በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር፤ ነፋሱ ሲዞር ተሰማኝ። ልክ ውሃ ውስጥ እንደ መግባት ነው፤ ቅዝቃዜው በእግሬ ጀመረና አንገቴ ደረሰ።

እሁድ

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ዛፉም፣ መኪናውም፣ አጥሩም መስታወት የለበሰ ይመስላል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ የነካው ሁሉ ላይ ረግቷል። የእኛ ውርጭ ቢበዛ ሣር ላይ የተበተነ ጨው ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ይሄ ግን ጣት የሚያህል ወፍራም በረዶ ነው፤ ፀሐይም አልወጣችም። ሰብለ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን እንኳ ተዘግቷል።

ግርማ ደወለ። ከኋላው ነፋሱ ያፏጫል።

"ጋዙ በረዶ ሆነ እንዴ?" አልኩት።

"ጋዙ ራሱ በረዶ አይሆንም። ግን ብቻውን አይወጣም፤ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ውሃው ቱቦው ውስጥ ይረጋና እንደ ቡሽ ይወትፈዋል።"

"እንደ ቤታችን ቧንቧ?"

"እንደ ቤታችን ቧንቧ! ኅዳር ላይ ጨርቅ ጠምጥመሽ ሙቅ ውሃ እንደምታፈሺበት። እኔም እዚህ እሱን ነው የምሠራው፤ ቧንቧው በዛ እንጂ።"

ሌላም ነገረኝ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ውሃ የሚጭኑት ቦቴዎች በበረዶው መንገድ መምጣት አልቻሉም፤ ማጠራቀሚያው ከሞላ ደግሞ ጉድጓዱ ደህና ቢሆንም መዘጋቱ ነው። ሰው ሁሉ ማሞቂያውን ከፍ የሚያደርግበት፣ ጋዝ ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለግበት ቀን ጋዙ የሚያንስበት ቀን ሆነ ማለት ነው።

ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ መስመር ሽቅብ ሲወጣ አየሁና ሰብለን ጠየቅኋት።

"የጋዝ ዋጋ ነው እትዬ። ማለቴ፣ እኛ ቤት የሚገባው አይደለም፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚሸጡት። በሁለት ቀን እጥፍ ድርብ ሆነ ነው የሚለው።"

ይሄስ አልገረመኝም። ጣርማ በር ላይ መንገድ ሲዘጋ ከሸዋ ሮቢት የሚወጣው ሽንኩርት ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ጀምበር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ሞልቷል፤ ጠባቡ መንገዱ ነው። የግርማም ጋዝ መሬት ሥር ሞልቷል፤ የጠበበው ጉሮሮው ነው።

ሰኞ

ቁርስ ላይ እያለን ውጭ እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማን። የጎረቤቱ ዛፍ ቅርንጫፍ በረዶው ከብዶት ተገንጥሎ የመብራቱ ሽቦ ላይ ወደቀ። መብራቱ ጠፋ። ግድግዳው ውስጥ ሲያጉረመርም የነበረው ማሞቂያም ዝም አለ።

"ማሞቂያው በጋዝ ነው አላላችሁኝም?" አልኳት ሰብለን።

"በጋዝ ነው። ግን ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ በመብራት ነው የሚሠራው።"

ጋዙ ቤታችን ድረስ መጥቶ ቆሟል፤ ሊያሞቀን ግን አይችልም። ግርማ ጋ ደወልን፤ አይነሳም። ደግመን ደወልን፤ አይጠራም። ቤቱ ከግንብ ሳይሆን ከጣውላ የተሠራ ነውና ሙቀቱ ወዲያው ወጥቶ አለቀ። የሶልያና አፍንጫ እንደ በረዶ ሆነ። ደረቴ ላይ አስገብቼ በካፖርቴ ሸፈንኳት። ሰብለ ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ታለቅሳለችም። መኪናዋን እንዳታስነሳ መንገዱ ብርጭቆ ነው። ያ የሱፍ ብርድ ልብሴ የት አገር ቀርቶ ይሆን እያልኩ ተናደድኩ።

በሩ ተንኳኳ። ከጫማዋ በላይ የወንድ ካልሲ ያጠለቀች፣ ሻርፕ የጠቀለለች፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ቆማለች። መንገዱ ማዶ የሚኖሩት ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ሰብለ የጴንጤዎቹ እናት ትላቸዋለች።

"ሰብልዬ፣ እኛ ቤት እሳት አለ፤ ሕፃኗን ይዛችሁ ኑ። እንግዳም አለች ብለሽኝ ነበር። እርስዎ ኖት? እንኳን ደህና መጡ! እንኩ፣ ይሄን ካልሲ ከጫማዎ በላይ ያድርጉ፤ ያለዚያ ይወድቃሉ።"

ካልሲ ከጫማ በላይ ሲደረግ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ግን ሠራ። ሕፃኗን ደረቴ ላይ አስሬ፣ ሰብለና ወይዘሮ አልማዝ ግራና ቀኝ ደግፈውኝ፣ እንደ ሙሽራ እርምጃዬን እየቆጠብኩ መንገዱን ተሻገርን። መሐል ላይ ሰብለ ተንሸራታ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ደነገጥን፤ ቀጥሎ ሦስታችንም ሳቅ ያዘንና መነሳት አቃተን።

ቤታቸው አሮጌ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የጭስ መውጫ ያለው የጋዝ ምድጃ አላቸው። መብራት አይፈልግም፤ በክብሪት ይለኮሳል። ነበልባሉ ቢያንስም አልጠፋም። ባላቸው አቶ ታደሰ፣ ከሜክሲኮ የመጡ ጎረቤት ባልና ሚስት ከነውሻቸውና እኛ ዙሪያውን ተቀመጥን። ሕፃኗ ስትሞቅ ጣቶቿን ዘረጋች። ያኔ ነው ሰብለም እኔም የተነፈስነው።

ማክሰኞ

"ማክሰኞ እመጣለሁ" ያለው ግርማ አልመጣም። ስልኩም አይጠራም። አቶ ታደሰ ድሮ ፎርት ዎርዝ መጋዘን ሲሠሩ የቆዩ፣ አሁን ከባድ መኪና የሚነዱ ሰው ናቸው። "የስልኩም ማማ መብራት ይፈልጋል፤ ለዚያ ነው። አይስጉ" አሉኝ። ሊያረሳሱኝ ብለው ነው መሰለኝ ስለ ጋዙ ማውራት ጀመሩ።

"ዋጋው ሲጨምር ግርማ ይጠቀማል?" አልኳቸው።

"እሱ ያው በሰዓቱ ነው የሚከፈለው። የሚጠቀመው ጉድጓዱ ያልቆመበት ባለቤት ነው። ጋዝ አቀርባለሁ ብሎ የተዋዋለና ጉድጓዱ የቆመበት ደግሞ ከሌላ በውድ ገዝቶ መስጠት አለበት። በአንድ ብርድ አንዱ ሲያተርፍ ሌላው ይከስራል። እኛ ዘንድ ደግሞ በኋላ ቀስ ብሎ በቢል ይደርሳል።"

እኔ ዓይኔ በር በሩን ያይ ነበር። ቅዳሜ ሲሄድ ዝም ማለቴ ራሴን አስጠላኝ። ወይዘሮ አልማዝ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ። እኛ ቤት እንዲህ አይጸለይም፤ እኔ በልቤ ነው የምለምነው። የግርማን ስም ሲጠሩ ግን እኔም ሳላውቀው "አሜን" አልኩ።

ረቡዕ

ወይዘሮ አልማዝ ለምሳ ሌላው ሰው የሚበላውን የዶሮ ሾርባ አቅርበው፣ ለእኔ ለብቻዬ በዘይት የተሠራ ሽሮ አመጡልኝ። "ረቡዕ ነው፣ ይጾማሉ ብዬ ነው" አሉኝ። ያን ሁሉ ሰው እያስተናገዱ ቀኑን አልረሱትም። ሳህኑን በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

ከሰዓት ፀሐይ ወጣች። ጣራው ይንጠባጠብ ጀመር፤ ዛፎቹ መስታወታቸውን እያራገፉ ይንኮሻኮሻሉ። መብራቱም መጣ። ዕቃችንን ሰብስበን ስንሻገር የግርማ ፒካፕ በጭቃ ተለውሶ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። ሰብለ ሮጠች። እኔ ዕቃውን እንደያዝኩ ባለሁበት ቆምኩ።

ጺሙ አድጓል። ጣቶቹ ቀልተው አብጠዋል።

"የት ነበርክ?" አለችው ሰብለ፣ ደረቱን እየመታች። "ልጅህ በብርድ ልትሞት ነበር እኮ!"

"ስልኩ ሞተ። መኪናዋም ቦይ ገባች። አንድ ሰው ቤት ነበርኩ… እነግርሻለሁ፣ ኦኬ? ልተኛ።"

ለብ ባለ ውሃ እጆቹን ዘፈዝፌ፣ ቫዝሊን ቀባሁለት። እየቀባሁት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ያን ዕለት አመሻሽ ሻንጣዬ መጣ። ለሕፃኗ ያመጣሁትን ብርድ ልብስ አውጥቼ እሱ ላይ ጣልኩት።

ዓርብ

"ዛሬ ቤታቸው የከረምኩባቸውን ሴትዮ ላሳይሽ" ብሎ ጉድጓዶቹ ወዳሉበት ይዞኝ ወጣ። ዴንተንን ካለፍን በኋላ ከተማው አለቀና ሜዳ ሆነ። የደረቀ ሣር፣ የሽቦ አጥር፣ ጥቋቁር ከብቶች። ጢሱና ባሕር ዛፉ ቀረ እንጂ የኛን ሜዳ ይመስላል። ጥጋጥጉ ላይ ብቻ በረዶ ቀርቷል።

ጉድጓዱን ሳየው "ይሄ ነው?" አልኩት። ቁመቱ ሰው የሚያህል የብረት ቧንቧ፣ መዝጊያ የበዛበት፣ አጠገቡ አረንጓዴ ገንዳ። ዙሪያው ማንም የለም። "እጅሽን ጣይበት" አለኝ። ቧንቧው ከሥር እየነዘረ ነው፤ እንደ ትንፋሽ ነው፤ መዳፌን አንዘረዘረው። ለዚህ ነው ለካ ግርማ ያን ያህል ብርድ ውስጥ የቆመው። መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ እየነካካ ሲያስረዳኝ፣ ድሮ የጨርቅ ኳሱን ሊያሳየኝ ሲጎትተኝ የነበረው ልጅ ፊት መጣበት።

ከጉድጓዱ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ነጭ የጣውላ ቤት አለ። ሚስ ዶሪን የሚሏቸው መበለት ብቻቸውን ይኖሩበታል። መሬቱ የእሳቸው ስለሆነ የቤታቸው ማሞቂያ ጋዝ ከዚያው መስመር በቀጭን ቱቦ ይገባላቸዋል። መንገድ ላይ እንደነገረኝ፣ ያ ቱቦ እሁድ ከሰዓት ተወተፈ። ግርማ መኪናው ቦይ ውስጥ ገብታበት በእግሩ ሲደርስ አሮጊቷ የእንጨት ምድጃቸው ፊት ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል፤ እንጨቱም ሊያልቅ ነው። ውጡ ቢላቸው ከባሌ ቤት አልወጣም አሉ። እሱም ትቷቸው መሄድ አልቻለም። የወደቀውን አጥር እየፈለጠ ምድጃውን ያነዳል፤ እሳቸው ውሃ ያፈላሉ፤ እሱ በባልዲ ተሸክሞ ቱቦው ላይ ያፈሳል። ሲከፈትለት መልሶ ይዘጋል፤ እንደገና ያፈሳል። እዚያው የጉድጓዱንም መዝጊያ እንዳይቆም እየጠበቀ፣ ብርዱ እስኪለቅ እንዲሁ ከረሙ።

በሩን ሲከፍቱልን ሚስ ዶሪን እሱን ትተው እኔን አዩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ነው። የግርማን እጅ ሳይጨብጡ ሁለት እጆቼን ያዙና ብዙ ነገር ተናገሩ። ቋንቋውን አላውቅም። ቀጥለው የራሳቸውን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የእኔን ሆድ መታ መታ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

ተርቤ እንደሆነ የጠየቁኝ መሰለኝ። "በልቻለሁ በላቸው" አልኩት።

ግርማ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እሱን አይደለም የሚሉሽ እታበባ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሰኞ ዕለት ስንቀመጥ… ወሬ አልቆብን ስላንቺ ነግሬያቸው ነበር። አንድ ሸሚዝ ብቻ ነበረችኝ አይደል ለትምህርት ቤት? ማታ ታጥቢልኛለሽ፤ በውርጩ እርጥብ እንደሆነች ታድራለች። ጠዋት አንቺ ከቀሚስሽ ሥር ሆድሽ ላይ ታስገቢያትና ውሃ ልትቀጂ ትወጫለሽ። ስትመለሺ ደርቃ፣ ሞቃ ነበር የምታለብሺኝ። እንደተኛሁ ይመስልሽ ነበር፤ እኔ ግን አይሽ ነበር።"

ሚስ ዶሪን እጄን መልሰው ይዘው ቆመዋል። እንዲህ ያደረግሁት መቼ እንደሆነ አላስታወስኩም፤ ከተመለስኩ ወዲህም ጠዋት ከቤት ስወጣ ቆም እያልኩ ላስታውስ እሞክራለሁ። እንስራው ትዝ ይለኛል። መንገዱ ትዝ ይለኛል። ሸሚዟ ሰማያዊ እንደነበረች፣ አንገትጌዋንም ደጋግሜ እንደጠገንኳት ትዝ ይለኛል። ብርዱ ግን ትዝ አይለኝም።